ቢ-11፦ የቤንዚን ሰርጓጇ ዳርዳኔልስ ገብታ የወጣችበት ቀን

ቢ-11 የምትባለው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ዝናዋን ያገኘችው አንድ አሮጌ የቱርክ የጦር መርከብ በማስመጧ ነው። ስለሷ የሚወራው አብዛኛው ነገር እዚያው ላይ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ማስመጡ የቀኑ ቀላል ሥራ ነበር። መልህቋን ጥላ የቆመች መርከብ ናት፤ ታነጣጥራለህ፣ ትተኩሳለህ፣ አለቀ። ጉዱ ያለው እዚያ በመድረሱና ነፍስን ይዞ በመውጣቱ ላይ ነው። ይህን ያደረገችው ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ ያልተሠራች፣ ጊዜዋ ያለፈባት ትንሽ ጀልባ ናት።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰዓቱን ግን በእኛው።

ቢ-11 የተሠራችው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ባሮው ከተማ ውስጥ ባለው የቪከርስ መርከብ መሥሪያ ነው። ውሃ ላይ የወረደችው በ1906 መጀመሪያ ሲሆን በዚያው ዓመት አጋማሽ ሥራ ጀመረች። የቢ ክፍል ከሚባሉት 11 ሰርጓጆች የመጨረሻዋ ናት። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ባህር ኃይል ሰርጓጅን የሚያየው እንደ ወደብ ዘበኛ ነበር። ጠዋት ከወደብ ትወጣለች፣ ባህር ዳርቻው አካባቢ አድፍጣ ትጠብቃለች፣ ጠላት ከመጣ ትመታዋለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሩቅ አገር ሄዳ ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ ሰርጋ ትገባለች ብሎ የነደፋት ሰው የለም።

ርዝመቷ 43 ሜትር ገደማ፣ ስፋቷ ከ4 ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ክብደቷ ከውሃ በላይ ስትሆን 287 ቶን። ፊት ለፊቷ ሁለት የቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ማስወንጨፊያ ቱቦዎች አሏት። ውሃው ላይ ስትሄድ የሚገፋት ባለ 16 ሲሊንደር፣ 600 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ሲቀናት በሰዓት 12 ኖት፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከሰመጠች በኋላ ሞተሩ ይጠፋና በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ይተካዋል። ያኔ ፍጥነቷ ቢበዛ 6 ኖት ነው። በዚያ ፍጥነት ከሄደች ደግሞ ባትሪው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ቤንዚን ያልኩት በስህተት አይደለም። ናፍጣ ገና ለሰርጓጅ አልበቃም ነበር፣ ስለዚህ 15 ያህል ሰው በተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ይኖር ነበር። ይህ ማደያ ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ እንደመተኛት ነው። መኝታ የሚባል ነገር አልተሠራላቸውም። ሰውየው ባገኘው ቦታ፣ ከቶርፔዶው ጎንም ቢሆን፣ ጋደም ይላል። ከቢ በፊት በነበረው በኤ ክፍል፣ ኤ-5 የተባለችው በ1905 አየርላንድ ውስጥ የቤንዚን ትነት ፈንድቶባት ሰዎች ሞተዋል። ኤ-1 ደግሞ በ1904 ልምምድ ላይ ሳለች የመንገደኛ መርከብ ሄዶባት ውስጧ ያሉት በሙሉ አለቁ። የቢ-11 እህት የሆነችው ቢ-2 በጥቅምት 1912 ዶቨር አጠገብ አሜሪካ ከተባለች የጀርመን የመንገደኛ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰምጥ የተረፈው አንድ መኮንን ብቻ ነው። እንግዲህ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳይጀመር ነው ይህ ሁሉ።

አዳዲሶቹ ሰርጓጆች ሲመጡ አሮጌዎቹ ወደ ዳር ተገፉ። ቢ-9፣ ቢ-10 እና ቢ-11 ወደ ማልታ ተላኩ። ወደቧን እየጠበቁ እዚያው ያረጃሉ ተብሎ ይሆናል። ነሐሴ 1914 ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጎበን እና ብሬስላው የተባሉት ሁለት የጀርመን የጦር መርከቦች ከእንግሊዞች እጅ አምልጠው ዳርዳኔልስ ውስጥ ገቡ። ዳርዳኔልስ ከኤጅያን ባህር ወደ ማርማራ ባህር፣ ከዚያም ወደ ኢስታንቡል የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ነው። እንግሊዞች በሩ ላይ ቁጭ ብለው መጠበቅ ጀመሩ። ቱርክ በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱን ተቀላቀለች። ሦስቱም አሮጌ ሰርጓጆች ወሽመጡ አፍ አጠገብ ባለችው ቴኔዶስ ደሴት (ዛሬ ቱርኮች ቦዝጃአዳ የሚሏት) ከእናት መርከባቸው ሂንዱ ኩሽ ጋር ከተሙ። የፈረንሳይ ሰርጓጆችም ነበሩ።

እዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ይሰለቻል። መኮንኖቹ አንዱ ይግባ፣ እኔ ልግባ እያሉ ይፎካከሩ ጀመር። የተመረጠችው ቢ-11 ነበረች፣ የተመረጠችበት ምክንያት ደግሞ አዛዧ ከሌሎቹ ይበልጥ ጀግና ስለሆነ አይደለም። ባትሪዋ በቅርቡ አዲስ ተደርጎ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረም። አዛዧ ሌተና ኖርማን ሆልብሩክ፣ 26 ዓመቱ፣ ምክትሉ ሌተና ሲድኒ ዊን።

ወሽመጡ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቻናካሌ ከተማ ላይ ሲደርስ ይጠብና ስፋቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ሁለቱም ዳርቻ ምሽግና መድፍ ነው። ሌሊት የመብራት ጨረር ውሃውን ያስሳል። ውስጡ ፈንጂ በረድፍ በረድፍ ተዘርግቷል። ከሁሉም የባሰው ግን ውሃው ራሱ ነው። ከጥቁር ባህር የሚመጣው ጨው የቀነሰ ውሃ ከላይ ከላዩ ወደ ኤጅያን ይወርዳል፣ እስከ 4 እና 5 ኖት በሚደርስ ኃይል። ከሥሩ ደግሞ ጨዉ የበዛና ከባድ ውሃ በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገባል። ለሰርጓጅ ይህ መከራ ነው። ሰርጓጅ የምትንሳፈፈው በዙሪያዋ ባለው ውሃ ክብደት ተመዝና ነው፤ ቀለል ካለው ውሃ ወደ ከባዱ ስትገባ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ስትወጣ ድንገት ትወድቃለች። ሠራተኞቹ ጥልቀቱን አስተካከልን ሲሉ ጀልባዋ ሌላ ቦታ ናት።

አሁን ያቺን ቁጥር አምጡ። ውሃ ውስጥ ቢበዛ 6 ኖት፣ ፊት ለፊት የሚመጣው ጅረት 4 ኖት። ሙሉ ኃይል ብትጠቀም ባትሪው ግማሽ መንገድ ላይ ያልቅና ጠላት መሀል ትንሳፈፋለህ። ቀስ ብለህ ብትሄድ ደግሞ ጅረቱ ባለህበት ያቆምሃል ወይም ወደ ኋላ ይወስድሃል። ስለዚህ ባትሪዋ አዲስ መሆኑ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ሆልብሩክ ያሰበው ጅረቱ ደከም በሚልበት በአውሮፓ በኩል ባለው ዳርቻ ጥግ ጥጉን ይዞ ለመግባት ነው። ዳርቻው ጥግ መሄድ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው፣ መሬት መንካት።

አንድ ሌላ ዝግጅትም ተደርጎ ነበር። የባህር ፈንጂ ከታች በገመድ ታስሮ ነው የሚንሳፈፈው። ሰርጓጇ ከሥሩ ስታልፍ ገመዱ አንዱ ብቅ ያለ ብረት ላይ፣ በተለይ ጥልቀቷን የሚቆጣጠሩት አግድም ክንፎች ላይ ከተጠመጠመ ፈንጂውን ጎትታ ወደ ራሷ ታመጣዋለች። ይህ እንዳይሆን ክንፎቹ ዙሪያ የብረት መከላከያ ገጠሙላት፣ ገመዱ ሲመጣ እንዲንሸራተት። ጥሩ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ችግር የፈጠረውም እሱ ሆነ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1914፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ እሁድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ቢ-11 ወሽመጡ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ወሽመጡ አፍ ላይ፣ በአውሮፓ በኩል ያለው የኬፕ ሄሌስ ጫፍ መብራቶች እስኪጠፉ ጠበቀች። ሊነጋጋ ሲል መብራቶቹ ጠፉ፤ ሰመጠችና ጉዞ ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ አንዱ የብረት መከላከያ ተላቆ መንቀጥቀጥ፣ ጀልባዋንም ማንገጫገጭ ጀመረ። በቃ፣ ዛሬ አልሆነም ብሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። ሆልብሩክ ግን ብቅ አለ፣ መከላከያውን አስወገዱት፣ እንደገና ሰመጠ። ከዚህ በኋላ በዚያ በኩል ለፈንጂ ገመድ መከላከያ የለም ማለት ነው።

ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ፈንጂዎቹ ባሉበት ጠለቅ ብለው አምስት ረድፍ አለፉ። ምንም አይታያቸውም። የሚያውቁት ሰዓታቸውን፣ ፍጥነታቸውን በግምት፣ የጥልቀት መለኪያውንና ኮምፓሱን ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ ሆልብሩክ ቀና ብሎ በፔሪስኮፕ፣ ከውሃ ሥር ሆኖ ላዩን በሚያሳየው ቱቦ፣ ሲያይ በቀኝ በኩል ትልቅ መርከብ ቆማለች፣ ግራጫ ቀለም የተቀባች፣ የቱርክ ባንዲራ የሚውለበለብባት። መሱዲዬ ናት። ቆማ ፈንጂውን የምትጠብቅበት ቦታ ከቻናካሌ በስተ ደቡብ ያለው የሳሪሲግላር ባሕረ ሰላጤ ነው። ከወሽመጡ አፍ እስከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለማነጣጠር ሲጠጉ ጅረቱ ከቦታቸው ይገፋቸዋል፤ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። 700 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ አንድ ቶርፔዶ ተኮሰ። ልክ እንደተኮሰች የፊቷ ክብደት ተቀየረና ወደ ታች ወረደች፤ ፔሪስኮፑም ውሃ ውስጥ ገባ። ፍንዳታውን ሰሙት እንጂ አላዩትም። ቀና ሲሉ መሱዲዬ በኋላዋ በኩል እየሰመጠች ፔሪስኮፑ ላይ ትተኩስ ነበር። እየሰመጡ መተኮስ! ለቱርኮቹ መድፈኞች ምስጋና አለመስጠት ነውር ነው። በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መርከቧ ተገለበጠች።

አሁን ነው ጨዋታው የሚጀምረው።

የዚያን ዘመን ሰርጓጅ ኮምፓስ ውስጥ አይቀመጥም። ብረቱና የኤሌክትሪክ ሽቦው መርፌውን ስለሚያሳስት ኮምፓሱ ውጪ፣ ከጀልባዋ ጀርባ ላይ ይገጠማል፤ ከዚያ ምስሉ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አልፎ መሪውን ለያዘው ሰው ይደርሰዋል። በዚያች ቅጽበት ቱቦው ውስጥ ያለው መስታወት በጤዛ ተሸፈነ። መሪውን የያዘው ሰው ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ሰሜን የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጀልባዋ ውስጥ የለም። ከላይ መድፍ አለ፣ ጠባብ ወሽመጥ ነው፣ ከኋላ ፈንጂ አለ።

ሆልብሩክ በግምት መሪውን አዞረና ጀልባዋን ወደፊት ነዳ። መሬት ነካች። እዚያ ቦታ ላይ መሬት ነካች ማለት ማማዋ ውሃው ላይ ብቅ ብሎ ይታያል ማለት ነው። ምሽጎቹ አዩት፤ ተኮሱ። ያኔ ባትሪ መቆጠብ የሚባል ነገር ቀረ፦ ሙሉ ኃይል ወደፊት። ጀልባዋ መሬቱን እየደቃች፣ እየዘለለች፣ እንደገና እየወደቀች ሄደች። ውስጥ ያሉት ሰዎች በእያንዳንዱ ግጭት ምን እንደሚሰማቸው ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም፤ ከውጪ ያለው ብረት ከተሰነጠቀ አበቃ፣ አሲድ ባትሪ ላይ የባህር ውሃ ከገባ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። በመጨረሻ ጥልቅ ውሃ አገኙና ወረዱ።

ሆልብሩክ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው እኔ ከሁሉ የማደንቀው። ኮምፓሱ እስኪጠራ አልጠበቀም። ፔሪስኮፑን አንስቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ በሦስት በኩል መሬት፣ በአንድ በኩል ግን የሰማይና የባህር መጋጠሚያ ብቻ ይታያል። ባህሩ እዚያ ነው! መሪውን ወደዚያ አስያዘ። አንድም መሣሪያ ሳይሠራለት፣ በዓይኑ ብቻ መንገድ አገኘ። ከዚያ በፈንጂው ሥር እንደገና አልፈው፣ አሁን ጅረቱ ከኋላቸው እየገፋ እየረዳቸው፣ ወጡ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከወሽመጡ ውጪ ብቅ አሉ። ውሃ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተዋል። ክዳኑን ከፍተው የቤንዚን ሞተሩን ለማስነሳት ሲሞክሩ እምቢ አለ። ውስጥ ያለው አየር ከመቆሸሹ የተነሳ የሚያቃጥል ኦክስጅን ጠፍቷል። ሞተሩ የተነሳው ንጹህ አየር ለግማሽ ሰዓት ያህል ከገባ በኋላ ነው። ሞተር ያልተነሳበትን አየር ሰዎቹ ይተነፍሱት ነበር።

ሽልማቱ ወዲያው መጣ። ሆልብሩክ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት ቪክቶሪያ ክሮስን አገኘ፤ ከሰርጓጅ መርከበኞች የመጀመሪያው ነው። ዊን የመኮንኖች ሽልማት የሆነውን ዲስቲንጉሽድ ሰርቪስ ኦርደር፣ የቀሩት መርከበኞች በሙሉ ሜዳይ ተሸለሙ፤ አንድ ሰው አልቀረም። ይህ ትክክል ነበር እላለሁ። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም ያልቃል። ገንዘብም ነበረበት። በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ የጠላት የጦር መርከብ ሲሰምጥ በውስጡ በነበረ በእያንዳንዱ ሰው ልክ 5 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ፍርድ ቤቱ ለመሱዲዬ 3,500 ፓውንድ ወሰነ፤ ከዚህ ለሆልብሩክ 600 ያህል፣ ለተራው መርከበኛ 120 ያህል ደረሰ። በሰው ቆጥሮ መክፈል ዛሬ ይሰቀጥጣል፣ ያኔ ግን ተራ የሒሳብ ሥራ ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ጀርመንተን የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ጦርነት ላይ እያሉ በዚህ ስም መጠራት አሳፈራቸውና በ1915 ስሟን ሆልብሩክ ብለው ቀየሩ። ከተማዋ ከባህር በጣም ሩቅ ናት። ሰውየው እስከ 1976 ኖሮ፣ ከተማዋንም በተደጋጋሚ ሄዶ ጎብኝቷታል። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ጉንዱላ ሆልብሩክ 100,000 ዶላር ሰጡ፤ ኦትዌይ የተባለች ጡረታ የወጣች የአውስትራሊያ ሰርጓጅ የላይኛው አካሏ መጥቶ ሣር ላይ ተተከለ። ከጎኗ የቢ-11 ምስልም አለ። መንገደኞች አልፈው ሲሄዱ ያዩታል፣ በጎችና ስንዴ በሚበዛበት አገር።

ወደ ሌላው ወገን ልሻገር፤ ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። መሱዲዬ የተሠራችው እዚያው ለንደን፣ በ1870ዎቹ ነው። 40 ዓመት ሞልቷታል። ከጊዜ በኋላ ጣሊያን አገር ታድሳለች፣ ግን በ1914 ትልልቆቹ ዋና መድፎቿ ተነስተው ቦታቸው ላይ የእንጨት አስመሳይ ነበር የተተከለው። የቀሯት መካከለኛዎቹ ናቸው። ስለዚህ እንደ ተንሳፋፊ የመድፍ ምሽግ አቆሟት። በዚያ ቀን 37 ሰዎቿ ሞቱ። ከ600 በላይ ሰው ከነበረባት መርከብ ይህን ያህል ብቻ የሞቱት ውሃው ጥልቅ ስላልነበረ ነው። ተገልብጣ ሆዷ ከውሃው በላይ ቀረ፤ ውስጥ የታሰሩትን ብረቱን እየቆረጡ አወጧቸው።

ጥልቅ አለመሆኑ ሌላም ነገር አስከተለ። ቱርኮች ከሰመጠችው መርከብ 150 ሚሊ ሜትር መድፎቿን አውጥተው ዳርቻው ላይ ተከሏቸው፣ ምሽጉንም መሱዲዬ ብለው ጠሩት። መጋቢት 18 ቀን 1915 እንግሊዝና ፈረንሳይ በትልልቅ መርከቦች ወሽመጡን ሰብረው ሊገቡ ሲሞክሩ እነዚያ መድፎች ከሌሎቹ ጋር ይተኩሱ ነበር። በዚያ ቀን ቡቬ፣ ኢሬዚስቲብል እና ኦሽን በፈንጂ ምክንያት ሰመጡ። መድፎቹ ሥራቸው ፈንጂ ጠራጊዎቹን ማባረር ነበር፤ ጠራጊው ከሸሸ ፈንጂው ይቀመጣል። የሰመጠችው መርከብ ወደብ ላይ ከመቆም ይልቅ ዳርቻ ላይ የበለጠ አገለገለች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ታዲያ ያ ሁሉ አደጋ ምን አተረፈ? መርከቧን በሚመለከት ብዙም አይደለም። ሰርጓጅ ከፈንጂው ሥር አልፋ መመለስ እንደምትችል ማሳየቷ ግን ብዙ አተረፈ። ከሱ በኋላ ሙከራው ቀጠለ፣ ሁሉም አልቀናውም። የፈረንሳዩ ሳፊር በጥር 1915 ጠፋ። ኢ-15 በሚያዝያ እዚያው ወሽመጡ ውስጥ፣ ኬፔዝ በሚባለው ቦታ አጠገብ መሬት ላይ ወጥታ ቀረች፣ የገፋት ያው ጅረት ነው። በሚያዝያ 25 የአውስትራሊያዋ ኤኢ-2 ወሽመጡ ውስጥ ገብታ በማግስቱ ማርማራ ባህር ደረሰች፤ ከሷ በኋላ ኢ-14 እና ኢ-11 ገብተው የቱርክን የባህር አቅርቦት መንገድ አመሱት። እነዚህ ናፍጣ የሚጠቀሙ፣ ከቢ-11 በእጥፍ የሚከብዱ ናቸው። ለቢ-11 ከዚያ በላይ መሄድ አይታሰብም ነበር፤ ማርማራ ደርሳ ለመመለስ የሚበቃ ባትሪ አልነበራትም።

የቀረው ዕድሜዋ አጭር ታሪክ ነው። በ1915 መጨረሻ ገደማ ከእህቶቿ ጋር ወደ ቬኒስ ተላከች፣ የጠላትን የኦስትሪያን የባህር ዳርቻ ለመከታተል። በጥር 1916 አንድ የኦስትሪያ የባህር አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶበት ውሃ ላይ አርፎ አገኘችውና ሁለቱን አብራሪዎች ማረከች። አውሮፕላኑንም ጎትታ ልትወስድ ሞክራ ነበር። የሰርጓጅና የአውሮፕላን ሒሳብ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተገለበጠ፤ እህቷ ቢ-10 ቬኒስ ወደብ ውስጥ እንደቆመች የኦስትሪያ አውሮፕላኖች በቦምብ አሰመጧት። በአውሮፕላን የሰመጠች የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ እሷ ናት። አውጥተው ሲጠግኗት እሳት ተነሳባት፣ ተጣለች። ያ ቤንዚን እንደገና።

በ1917 ቢ-11ን ማልታ ወስደው ኤሌክትሪክ ሞተሩን አወጡላት፣ ጀርባዋን ከፍ አድርገው ትንሽ መድፍ ገጠሙላትና የውሃ ላይ ጠባቂ ጀልባ አደረጓት፤ ስሟም ኤስ-11 ተባለ። ከዚያ በኋላ አልሰመጠችም፤ መስመጥም አትችልም ነበር። ሥራው ብዙ አልሆነላትም፣ ለማዕበል አልተሠራችምና። በ1919 ጣሊያን ውስጥ ለብረት ነጋዴዎች ተሸጠች።